ባዶዋን ቀዳዳ በቀይ አክብቡልን

ይድረስ፦ በሀዋሳ ከተማ የ12ኛ ክፍል ሞዴል ፈተና ለምታወጡ፣ ለምታስፈትኑና ለምታርሙ ሁሉ

ግልባጭ፦ ማታ ማታ የልጁን የሒሳብ ደብተር ገልጦ፣ ምንም ሳይገባው መልሶ ለሚዘጋ ወላጅ

ጉዳዩ፦ የሞዴል ፈተና ስህተት ለተማሪው እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

አቶቴ አካባቢ ሒሳብ አስጠናለሁ። ዘንድሮ አስራ አንደኛ ዓመቴ ነው። ቢሮ የለኝም፤ ያለኝ በረንዳ ነው። አንድ ነጭ ሰሌዳ፣ ሁለት አግዳሚ፣ አንድ እግሩ የሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ። ልጆቹ ከአስር ሰዓት ጀምሮ ይመጣሉ። አንድ ሰዓት ሲሆን ወላጅ መደወል ይጀምራል። ናቹራሉም ሶሻሉም አንድ ላይ ይቀመጣል፤ የሚለያዩበትን ቅዳሜ ለየብቻ እናየዋለን። ይህን የምነግራችሁ ከየት ሆኜ እንደምጽፍ እንድታውቁት ነው። የትምህርት ፖሊሲ አዋቂ አይደለሁም። እኔ የማውቀው ልጆቹ ሒሳብ ላይ የት ጋ እንደሚሰናከሉ ነው።

የምጠይቃችሁ ነገር ትንሽ ናት። በጀት አታስይዝም፣ ጨረታ አታስወጣም። መጀመሪያ ግን እንዴት እንደመጣችልኝ ልንገራችሁ።

ካቻምና፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። እናቷ መናኸሪያ አካባቢ ቡና ታፈላለች። ልጅቷ መዳፏ ውስጥ አንድ ቁራጭ ወረቀት ይዛለች። የሞዴል ውጤቷ ነው። የትምህርቶቹ ስም በተርታ ተጽፏል፣ ከየስሙ ፊት ለፊት ቁጥር አለ። ከሒሳብ ፊት ለፊት 31 ይላል። በቃ፤ ሌላ ነገር የለውም።

«የቱን ነው የተሳሳትሽው?» አልኳት።

«አላውቅም ቲቸር።»

«የጥያቄ ወረቀቱስ?»

«ሰብስበውታል። አንሰር ሺቱንም።»

«ክፍል ውስጥ መልሱን አልሰራችሁትም?»

«ቲቸራችን ጊዜ የለም አለ። ቻፕተር ሊጨርስ።»

እናትየው ጣልቃ ገባች። «መምህር፣ ሌሊቱን ሙሉ ነው የምታጠናው። አምፖሉ አይጠፋም። ምን ጎደላት?»

እኔ በምን አውቄ? 31 የምትል ቁጥር ምን ትነግረኛለች? ሐኪም ቤት ሄዳችሁ፣ ደም ሰጥታችሁ፣ ውጤቱ «31» ብቻ ተብሎ ቢሰጣችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ወባ ነው? ታይፎይድ ነው? መድኃኒት ቤት ገብታችሁ ካለው ሁሉ አንድ አንድ ስጠኝ ትላላችሁ?

ልጅቷ ያደረገችው ልክ እንደዚያ ነው። አራት አጋዥ መጽሐፍ ገዝታለች። ቴሌግራም ላይ የተለቀቀውን ሺት ሁሉ አውርዳለች። ስልኳ ሞልቶ ፎቶ ማንሳት እምቢ ብሏል። ከምዕራፍ አንድ ጀምራ፣ የምትችለውንም የማትችለውንም እኩል ታነባለች። የሚችሉትን ማንበብ ደግሞ ደስ ይላል። ገጹ ቶሎ ቶሎ ይገለበጣል፣ ያጠኑ ይመስላል። በዚህ ዓይነት ሁለት ወር ሲያልቅ አይቻለሁ፤ አንድ ነጥብ ሳይጨምር።

እዚያው በረንዳ ላይ አንድ የድሮ የማትሪክ ቡክሌት ሰጠኋት። 65 ጥያቄ፣ ሦስት ሰዓት። ካልኩሌተር የለም፣ ስልኳን ተቀብዬ ኪሴ አደረግኩ። እናቷ ወደ ጀበናዋ ተመለሰች። ልጅቷ ሦስቱን ሰዓት ሙሉ ቀና አላለችም። ስትጨርስ አረምኩት፤ 24 አግኝታለች። 41 ተሳስታለች።

ከዚያ ራፍ የሰራችበትን ወረቀት አምጪ አልኳት። ልትጥለው እያጨማደደችው ነበር። ቀጥ አድርገን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነውና የተሳሳተቻቸውን 41 ጥያቄዎች አንድ በአንድ አየናቸው። እኔ ያን ቀን ብዙ ተማርኩ።

ዘጠኙን ጭራሽ አልተማረችውም። ሰባቱ ጋ ሰዓቱ አልቆባት አልደረሰችም። ስምንቱን ጥያቄውን አዛብታ አንብባዋለች። የቀሩት 17 ናቸው። እነዚህን ዘዴውን ታውቀዋለች፣ በትክክል ጀምራለች፣ መሃል ላይ የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ጠልፎ ጥሏታል። አንዳንዱ ላይማ የ8ኛ ክፍል።

አንዱን ላሳያችሁ። ሊሚት ነው። ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ፤ ላይ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 9፣ ታች ኤክስ ሲቀነስ 3። ቀጥታ 3ን ብትተካ ዜሮ በዜሮ እንደሚመጣ ታውቃለች። ጽፋዋለች። ስለዚህ ላይኛው ፋክተር መደረግ እንዳለበትም ታውቃለች። ያንንም ጽፋለች። ፋክተር ስታደርገው ግን «ኤክስ ሲቀነስ 3፣ በቅንፍ፣ ስኩዌር» አለችው። አንዱ ከታችኛው ጋር ተጣፋ። የቀረው ላይ 3ን ስትተካ ዜሮ መጣላት። ዜሮ ደግሞ ምርጫው ውስጥ አለ። አጠቆረችው።

መልሱ 6 ነው። ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 9 ማለት ኤክስ ሲቀነስ 3 በኤክስ ሲደመር 3 ሲባዛ ነው። 9ኛ ክፍል ላይ ያለ ነገር ነው። ልጅቷ ግን «ሊሚት አይገባኝም» ብላ ደምድማለች። የሊሚትን ምዕራፍ ከአጋዥ መጽሐፉ ላይ ሦስት ጊዜ አንብባዋለች። ሠላሳ ጊዜ ብታነበውም ያው ነበር። የጎደላት ነገር እዚያ ገጽ ላይ የለማ።

የቅንፍ ስኩዌር ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ኤክስ ሲደመር 3 በቅንፍ ስኩዌር ሲባሉ፣ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 9 ብለው ቁጭ። መሃል ላይ ያለችው 6 ኤክስ የት ሄደች? ሁልጊዜ ሰሌዳው ላይ ቦታ እስላለሁ፤ ጎኑ ኤክስ ሲደመር 3 የሆነ ካሬ ግቢ። ትልቁ ካሬ አለ፣ ጥግ ላይ ትንሿ ካሬ አለች፣ በሁለቱ ጎን ደግሞ እያንዳንዳቸው 3 ኤክስ የሆኑ ሁለት ቁራጮች አሉ። «ሁለቱን ቁራጭ ለጎረቤት በነጻ ሰጠሃቸው እኮ» እላለሁ። መሬት ሲሆን ይገባቸዋል። ሀዋሳ ውስጥ መሬት በነጻ የሚሰጥ የለም።

ስለ ምርጫዎቹም ትንሽ ልበል። ጥያቄ የሚያወጣ ሰው ምርጫ ዝም ብሎ አይሞላም። የት ጋ እንደምትሳሳት ቀድሞ ያውቃል። 3፣ 7፣ 11 እያለ የሚሄድ ሲክወንስ 20ኛው ቁጥሩ ስንት ነው? 79 ነው። መጀመሪያው ላይ ስለቆምክ 4ን የምትደምረው 19 ጊዜ ነው። የቸኮለ ልጅ 20 ጊዜ ደምሮ 83 ያገኛል። 83 ደግሞ ምርጫ ቢ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። ልጁ መልሱን ምርጫው ውስጥ ስላገኘው ደስ ብሎት ያልፋል። ወጥቶም «ሒሳብ ቀላል ነበር» ይላል። እኔ ሒሳብ ቀላል ነበር ብሎ የሚወጣ ልጅ ያስፈራኛል። «17ና 23 ላይ ተጠራጥሬያለሁ» የሚለኝን እመርጣለሁ።

ሶሻሎቹም የራሳቸው አላቸው። አንድ ዕቃ 20 በመቶ ጨምሮ ከዚያ 20 በመቶ ቢቀንስ? «እዚያው ነው ቲቸር!» ይሉኛል፣ በአንድ ድምጽ። 1,000 ብር የነበረ ጫማ 1,200 ገባ። የ1,200 ሃያ በመቶ 240 ነው። ጫማው 960 ሆነ። አርባ ብር የት ገባች? ፒያሳ ጫማ የሚሸጥ ሰው ይህችን አይሳሳትም፤ ከኪሱ ነዋ የምትወጣው።

ያዛባቻቸው ስምንቱስ? ግማሾቹ የእንግሊዝኛ ጣጣ ናቸው። ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ላይ «አት ሊስት» ይላል። ቢያንስ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በላይ። ልጆቹ ግን «ሊስት» ስትባል ትንሽ የሚል ነገር ትዝ ይላቸውና ምልክቱን ገልብጠው ይጽፉታል። «አት ሞስት» ላይ ደግሞ በተቃራኒው። ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ንጹሕ ነው፤ ግራፉም ያምራል። የተቀባው ግን በተሳሳተው በኩል ነው። ይህን ልጅ ሒሳብ አስጠኑት ብትሉኝ ምን አስጠናዋለሁ? አራት የእንግሊዝኛ ሐረግ ነው የጎደለው። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ያን ግማሽ ሰዓት ለመስጠት ግን መጀመሪያ መታወቅ አለበት።

ቁጥሮቹን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቋቸዋላችሁ። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከገባ ወዲህ፣ ከ2014 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። የ2015ቱ 3.2 ነበሩ። በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። እኔ በበኩሌ ኩረጃው መቆረጡን ወድጄዋለሁ። ይህን ስል የሚቆጡኝ ወላጆች አሉ። ይሁን። ግን ውጤት የሚወጣበት ቀን ምን እንደሚሆን አስቡት። ልጁ ስልኩን ይከፍታል፣ ኔትወርክ ይለምናል፣ ቁጥር ያያል። ያለቅሳል ወይም ይጮኻል። ሬሜዲያል የሚገባውም፣ በግል ድጋሚ የሚፈተነውም የያዘው ያንኑ ቁጥር ነው። የቱ ጋ እንደወደቀ የነገረው ሰው የለም። በሚቀጥለውም ዓመት እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።

የአገር አቀፉን ፈተና ወረቀት መልሱልን እያልኩ አይደለም። እሱ ሌላ ደብዳቤ ነው፣ ሌላ ቦታ የሚላክ። ሞዴሉ ግን በእጃችሁ ነው።

ሞዴል እንዴት እንደሚታረም አውቃለሁ። አንድ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት በኮንትራት አስተምሬያለሁ፤ ቁጭ ብዬ አርሜያለሁ። አንድ ባዶ አንሰር ሺት ይወሰዳል። ትክክለኛ መልሶቹ ያሉበት ክብ አንድ በአንድ ይበሳል። ፓንቸር ካለ በፓንቸር፣ ከሌለ በእስክሪብቶ ጫፍ። ያ የተበሳ ወረቀት የተማሪው ወረቀት ላይ ይጋደማል። በቀዳዳው ጥቁር ከታየ ልክ ነው፤ ነጭ ከታየ ስህተት። መምህሩ ጥቁሮቹን ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሠላሳ አንድ። ላዩ ላይ ይጽፋል፣ ወረቀቱን ወደ ጎን ይጥላል፣ ቀጣዩን ያነሳል። አንዱ ያርማል፣ አንዱ ሮስተር ላይ ይሞላል፣ አንዱ ሻይ ያዛል። እኔ ብዙ ጊዜ ሻይ ከሚያዙት ወገን ነበርኩ።

አሁን ይህን ልብ በሉልኝ። መምህሩ ባዶዎቹን ቀዳዳዎች አይቷቸዋል። ዓይኑ ስር ነበሩ። ያቺ ልጅ የት የት ጋ እንደወደቀች የሚታወቅባት ጊዜ ብትኖር ያቺ ናት። እሱ ግን የሚቆጥረው ጥቁሩን ነው። የተበሳው ወረቀት ሲነሳ የታየው ሁሉ አብሮ ይነሳል። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጌያለሁ። አንድም ቀን ትዝ አላለኝም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይቺው ናት። ባዶ ቀዳዳ ስታዩ፣ በቀዳዳዋ ውስጥ በቀይ እስክሪብቶ ጠቅ አድርጓት። አክብቧት። ከዚያ አንሰር ሺቱን ለልጁ መልሱለት።

ቀዩ የሚያርፈው ትክክለኛው መልስ ላይ ነው። ስለዚህ ልጁ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያገኛል፤ የቱን እንደተሳሳተና መልሱ የቱ እንደነበር። አንድ ነጠላ ወረቀት ነው። ከእሱ ጋር የጥያቄ ወረቀቱንም ብትሰጡት እሰየው። ጥያቄው ለከርሞ ይፈለጋል የምትሉ ከሆነም እሺ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ዝርዝር ለጥፉ። ጥያቄ 14፣ 9ኛ ክፍል፣ ኢንኢኳሊቲ። ጥያቄ 15፣ 12ኛ ክፍል፣ ሲክወንስ። ጥያቄ 16፣ 10ኛ ክፍል፣ ሎጋሪዝም። ጥያቄውን ያወጣው ሰው ይህን ከየት እንዳመጣው ያውቀዋል። ልጁ ቀይ ያለባቸውን ቁጥሮች ይዞ ሰሌዳው ፊት ይቆማል። ደብተሩ ላይ ይገለብጣል። ቤቱ ሲገባ የ12ኛውን ሳይሆን የ9ኛውን መጽሐፍ ያወጣል።

የምትሉኝን ገምቻለሁ። «ጊዜ የለም» ትላላችሁ። ሰርቼዋለሁ። አንድ ልጅ 40 ቢሳሳት፣ ለአንዷ ጠቅታ አንድ ሰከንድ ብንል፣ 40 ሰከንድ ነው። 200 ተፈታኝ ላለው ትምህርት ቤት ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይመጣል። ለአራት መምህር ሲካፈል የግማሽ ሰዓት ነገር ነው። ምንም አይደለም አልልም፤ የመምህር ደመወዝና የመምህር ድካም ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ግን ግማሽ ሰዓት ነው።

«ሞራላቸው ይነካል» ያለኝም አለ። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ያቺ ልጅ 17ቱን ጥያቄዎች ለይተን ስናስቀምጥላት ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? ትንሽ ቆጠረች። ከዚያ «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ የኔ ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። እየሳቀች። 31 የምትለዋ ቁራጭ ናት ስታስለቅሳት የከረመችው።

ስለ ቀኑም ልለምናችሁ። ብዙ ጊዜ ሞዴል የሚሰጠው ማትሪኩ ደጃፍ ላይ ሲደርስ፣ ግንቦት ላይ ነው። ግንቦት ላይ የ9ኛ ክፍል አልጀብራ የጎደለው ልጅ ምን ይሆናል? ይጨነቃል፣ ሌላ ምንም። አንዷን ሞዴል ወደ ጥር አምጧት። የግማሽ ዓመቱ እረፍት አካባቢ። ያኔ ምዕራፎቹ አላለቁም ትሉ ይሆናል። ባያልቁስ? ከ9ኛና ከ10ኛ አውጡት፤ እነሱ አልቀዋል።

ኮምፒውተር ላይ የምታስፈትኑ ካላችሁ ደግሞ ቀይ እስክሪብቶም አያስፈልጋችሁ። ማሽኑ የቱ እንደተሳሳተ ያውቀዋል፤ እንዲያሳየው ፍቀዱለት ብቻ። ከ2016 ጀምሮ ማትሪኩን በኮምፒውተር የሚወስዱ ልጆች ስላሉ ቀድሞ መልመዱም ይጠቅማል። ሒሳብ ከሌላው ይለያል። ባዮሎጂን ስክሪኑ ላይ አንብበህ ትመልሳለህ። ሒሳብን ግን ከስክሪኑ ወደ ወረቀት ገልብጠህ፣ ሰርተህ፣ ተመልሰህ ነው የምትመርጠው። ልጆቹን ስናለማምድ መንገድ ላይ የምትጠፋው ሁልጊዜ አንድ ነገር ናት፤ የመቀነስ ምልክት። ስክሪኑ ላይ አለች፣ ወረቀቱ ላይ የለችም። አንድ ልጅ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በፊት ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ምልክቶቹን የመቁጠር ልማድ አመጣ። ጓደኞቹ ሳቁበት። አሁን ሁሉም ጣቱን ያደርጋል።

የልጅቷን ነገር ሳልጨርስ። ወደ አስር ሳምንት ነበረን። አዲስ መጽሐፍ አላስገዛኋትም፤ ያሉትንም አራቱን አልጋ ስር አስገቢያቸው አልኳት። አንድ ባለ 50 ገጽ ደብተር ገዛች። የስህተት ደብተር አልነው። በግራ ገጽ የተሳሳተችው ጥያቄና እሷ የሰራችው፣ ከነስህተቱ። በቀኝ ገጽ ትክክለኛው። ከስር አንድ መስመር፣ በአማርኛ፣ «ለምን ተሳሳትኩ»። «ቸኮልኩ» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። ሁሉም ቸኩሏል። «ኢንኢኳሊቲን በኔጌቲቭ ሳካፍል ምልክቱን አላዞርኩም» ብለሽ ጻፊ። «ላይ ኤክስ ሲደመር 5፣ ታች 5 ሲሆን 5ን በ5 አጣፋሁ» ብለሽ ጻፊ። ከሦስት ቀን በኋላ ቀኙን ገጽ በወረቀት ሸፍና ድጋሚ ትሰራዋለች። ከሳምንት በኋላ እንደገና። ሁለቴ ያለ ስህተት ከሰራችው ገጹን በእስክሪብቶ ትሰርዘዋለች። መሰረዙን ስትወደው! ማስመሪያ ይዛ ነበር የምትሰርዘው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ የ12ኛ ክፍል ምዕራፍ አልነካንም። ፋክተር ማድረግ፣ ክፍልፋይ፣ ኢንኢኳሊቲ፣ ኤክስፖነንት፣ ሎጋሪዝም። እናቷ ተጨንቃ ደወለች። «መምህር፣ የ9ኛ ክፍል ትማራለች እኮ!» አለች። «አዎ፣ የኔ እናት፣ የ9ኛ ክፍል ነው የጎደላት» አልኳት። ዝም አለች። ያመነችኝ አይመስለኝም።

ሰዓት አጠቃቀሙን አንድ እሁድ ጠዋት ነው ያስተማርኳቸው። 180 ደቂቃ ለ65 ሲካፈል፣ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ነው። ይህ ግን ሁሉም ጥያቄ እኩል ሲከብድ ነው፤ ፈተና ደግሞ እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ ሦስት ዙር። በመጀመሪያው ዙር ዓይተህ ወዲያው የምትሰራውን ብቻ። በሁለተኛው ዘዴውን የምታውቀውን፣ ግን ጊዜ የሚበላውን። በሦስተኛው የቀረውን ትታገላለህ፤ ያቃተህን ደግሞ ምርጫዎቹን እየጣልክ ትገምታለህ። በማትሪክ ለተሳሳተ የሚቀነስ ነጥብ ስለሌለ ባዶ ትቶ መውጣት ሞኝነት ነው። ሁለቱን ምርጫ በምክንያት ከጣልክ፣ ሎተሪውን በግማሽ ዕድል ነው የምትቆርጠው። አንድ ችክ ያለ ጥያቄ ላይ አስር ደቂቃ የሚያቃጥል ጎበዝ ልጅ ግን ኋላ ያሉትን አራት ቀላል ጥያቄዎች ሳያያቸው ይወጣል። እልኸኛ ልጆች ላይ ይህ ይብሳል። ያን እሁድ የሄድነው ፍቅር ሐይቅ ዳር ነበር፤ ከለመዱት ቦታ ወጥተው ይፈተኑ ብዬ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ነፋሱ ግን ራፍ ወረቀታቸውን ጠራርጎ ወሰደው፤ አባ ኮዳ የምንለው ትልቁ ወፍም መጥቶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቆመ፣ እንደ ፈታኝ። ከዚያ በኋላ በረንዳችን ላይ ቀረን።

በሰኔ መጀመሪያ ሌላ ቡክሌት፣ አይታው የማታውቀውን ሰጠኋት። ከ65 39 አገኘች። ማትሪኩ ላይም ሒሳቧ ከግማሽ በላይ መጣ። ተአምር አይደለም፤ የክፍሏ አንደኛም አልሆነች። ከ41 ስህተት መሃል የራሷ የነበሩትን መልሳ ወሰደች፣ ሌላ ነገር አልተፈጠረም። ዘጠኙን ያልተማረቻቸውን ሁሉንም አልሸፈንናቸውም፤ ሦስቱን እንዳሉ ተውናቸው።

ከልጅቷ ጋር አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል። የራሷን ሞዴል ቀይ ያለበትን ይዛ ብትመጣ ኖሮ ግማሹ ሥራ አልቆ ነበር። ደግሞ እሷ በረንዳዬን አገኘች። እዚህ የማይደርሱት ይበዛሉ። የወር ክፍያ የማይችል አለ፣ ከትምህርት በኋላ ባጃጅ የሚነዳ አለ፣ ከከተማው ዳር የሚመላለስ አለ። ለእነሱ ያቺ ቀይ ምልክት ብቸኛዋ አስጠኚያቸው ትሆናለች።

ግልባጭ ለደረሳችሁ ወላጆች ሁለት ቃል። ልጃችሁን «ስንት አመጣሽ?» ካላችሁ በኋላ «የቱን ነው የሳትሽው?» በሉ። መልሱ ባይገባችሁም ጠይቁ። ልጅ ሲያስረዳ ራሱ ይገባዋል። ደግሞ እባካችሁ፣ ልጅቷ እየሰማች «ሒሳብ እኮ እኔንም አይገባኝም ነበር» አትበሉ። እንደ ዘር በሽታ ታየዋለች። ሌሊቱን ሙሉ አምፖል ማብራቱም ይቅር፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ የመቀነስ ምልክት ይጥላል።

ወደ እናንተ ልመለስና ልጨርስ። ቀይ እስክሪብቶ በጀት ውስጥ የለም እንዳትሉኝ፣ አንድ ፓኬት ገዝቼ አስቀምጫለሁ። 50 ፍሬ ነው። የምታርሙበትን ቀን ንገሩኝ፤ ይዤ እመጣለሁ። ሰው ካነሳችሁም ቁጭ ብዬ ጠቅ ጠቅ አደርጋለሁ፣ ሻይ ማዘዙን ለሌላ ሰው ትቼ። ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ አይሁን፤ ሶሻሎቹ ይመጣሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሒሳብ አስጠኚ
አቶቴ፣ ሀዋሳ